‹ብቻ› የት ይቀመጥ?

ልጄ፣ ፒያሳ ላይ ትርጉም ቤት ልትከፍቺ መሆኑን እናትሽ ነገረችኝ። እሰይ! ዶሮ ማነቂያ ፈርሶ የሠፈሩ ሰው ወዲያና ወዲህ ቢበተንም፣ ወረቀት የያዘ ሰው እግሩ አሁንም ወደ ማዘጋጃ ቤትና ወደ ጊዮርጊስ ዙሪያ ማለቱን አልተወም፤ ሥራ አታጪም። ኮምፒውተሩን ከእኔ የተሻለ ታውቂያለሽ፤ እኔ በታይፕ ጀምሬ ኮምፒውተር ላይ የደረስኩት እየተጎተትኩ ነው። እንግሊዝኛሽም ይበልጠኛል። ስለዚህ ስለ ጠቅላላው ሥራ ልመክርሽ አልነሣም። የምነግርሽ ስለ አንዲት ቃል ነው፤ ስለ ‹ኦንሊ›።

ትስቂ ይሆናል። መዝገበ ቃላት ከፍተሽ ብታዪ ‹ብቻ› ይልሽና ያልፋል። እኔም የምፈራልሽ ይህንኑ ነው። ከባድ ቃል ሲመጣ ሁላችንም እንጠነቀቃለን፤ ጠበቃ እንጠይቃለን፣ መጽሐፍ እናገላብጣለን። ወንድምና እኅት የሚያካስሰው፣ አከራይና ተከራይ ወረቀት ይዘው እየተጯጯሁ የሚመጡበት ግን ማንም ሁለት ጊዜ ያላየው ቃል ነው። ከእነዚያ ሁሉ ውስጥ አንደኛዋ ይህች ናት።

በብዛት የሚያጋጥምሽ ከውጭ አገር የሚላክ ውክልና ነው። ዋሽንግተን ወይም ለንደን ያለ ሰው በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ ኤምባሲ ያረጋግጥለታል፤ እዚህ ያለው ወንድሙ ወረቀቱን ይዞ አንቺ ዘንድ ይመጣል፤ ከአንቺ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ ይሄዳል (ሰዉ ዛሬም ‹ውልና ማስረጃ› ነው የሚለው፤ አንቺም እንደዚያው በይ፣ ካልሆነ ቦታው አይገባቸውም)። በእንግሊዝኛው ውስጥ ወንድሜ ቤቴን ማከራየት ይችላል የሚል ዓረፍተ ነገር አለ እንበል። ከ‹ይችላል› ቀጥሎ፣ ‹ማከራየት› ከሚለው በፊት፣ ‹ኦንሊ› ገብታለች። ፈረንጅ ይህችን ቃል ከግሡ ፊት ጣል ማድረግ ይቀናዋል። እንድትገድብለት ያሰበው ነገር ግን ከግሡ ርቆ ሊሆን ይችላል። አፍ ለአፍ ሲነጋገሩ ችግር የለም፤ የፈለጉትን ቃል ጫን አድርገው ይናገሩታል፣ ሰሚው ይገባዋል። ወረቀት ላይ ያ ጫና አይታይም።

አማርኛ እንዲህ ያለ ነፃነት አይሰጥሽም። የእኛ ‹ብቻ› የእናቱን ቀሚስ ጨብጦ እንደሚሄድ ልጅ ነው፤ ከፊቱ ያለውን ቃል ይይዛል፣ ሌላውን አያውቅም። ስለዚህ ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ስትተረጉሚ ሳትወጂ በግድሽ ትፈርጃለሽ። ‹ወንድሜ ብቻ ቤቴን ማከራየት ይችላል› ብትዪ እኅቶቹን አስወጣሻቸው። ‹ወንድሜ ቤቴን ብቻ ማከራየት ይችላል› ብትዪ ከቤቱ ጎን ያለው ሱቅ ከእጁ ወጣ። ‹ወንድሜ ቤቴን ማከራየት ብቻ ይችላል› ብትዪ ደግሞ መሸጥ፣ ማስያዝ፣ መስጠት ቀረ። አራተኛም አለ፤ መጨረሻ ላይ ‹ለአንድ ዓመት› የሚል ካለ ምናልባት ባለቤቱ ያሰበው ‹ለአንድ ዓመት ብቻ› ሊሆን ይችላል። አራቱም ሰዋስዋቸው ልክ ነው። አራቱም ማኅተም ይመታባቸዋል። ከአራቱ ሦስቱ ግን ሰውየው ያላለውን ነው የሚሉት።

ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ? የወረቀቱን ቀሪ ጽሑፍ ታነቢያለሽ። ከላይ ‹የመሸጥ ሥልጣን አልሰጠሁም› የሚል ካለ ሦስተኛው ነው። ቤትና ሱቅ ተለያይተው ተዘርዝረው ከሆነ ሁለተኛው ሊሆን ይችላል። ካልለየልሽ ወረቀቱን የያዘውን ወንድም አትጠይቂው፤ እሱ የሚጠቅመውን ነው የሚነግርሽ፣ ክፉ ሰው ሆኖ ሳይሆን ሰው ስለሆነ ነው። ስልክ ስጠኝ በይውና የጻፈውን ሰው ራሱን ጠይቂ። ዱሮ እኛ ለዚህ ቴሌ ሄደን ወረፋ እንጠብቅ ነበር፣ ወይም ደብዳቤ ጽፈን አንድ ወር እንቆይ ነበር። አንቺ እጅሽ ላይ ባለው ስልክ በሁለት ደቂቃ ታውቂዋለሽ። መልሱን በጽሑፍ እንዲልክልሽ አድርጊ፤ አስቀምጪውም።

ውክልና ላይ ሌላም የምነግርሽ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ራሱ በዚህ ጉዳይ አንድ ትልቅ ‹ብቻ› አለው። አንቀጽ 2204ን አንብቢው። በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ለተወካዩ የአስተዳደር ሥራ እንዲሠራ ብቻ ነው ሥልጣን የሚሰጠው። ቀጣዩ፣ 2205፣ ቤትና መሬት ለመሸጥ፣ በመያዣ ለማስያዝ፣ ለመታረቅ፣ ስጦታ ለመስጠት፣ ለመክሰስና ተከሶ መልስ ለመስጠት ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል ይላል። ስንቱ ሰው ‹ጠቅላላ ውክልና አለኝ፣ ሁሉን አደርጋለሁ› እያለ ሲመጣ አይቻለሁ መሰለሽ! ‹ጠቅላላ› የሚለው ቃል ሰፊ ይመስላል፤ ሕጉ ዘንድ ግን ጠባብ ነው። እንግሊዝኛው ላይ ‹ጄኔራል› የሚል ርዕስ ስታዪ ሥር ያለውን ዝርዝር አንድ በአንድ ተርጉሚ። ‹እና ሌሎችም› ብለሽ አትዝለዪ። ዝርዝሩ ላይ ‹ለመሸጥ› የሚል ከሌለ ደንበኛሽ ፊቱን ቢያጠቁርም አትጨምሪለት።

እግረ መንገዴን፣ ያ ሕግ መጀመሪያ በፈረንሳይኛ የተረቀቀ ነው። አርቃቂው ሬኔ ዳቪድ የሚባሉ ፈረንሳዊ ፕሮፌሰር ነበሩ። ወደ አማርኛም ወደ እንግሊዝኛም የመጣው በትርጉም ነው። እኛ ትርጉም ሠሪዎች ራሱ በትርጉም የመጣ ሕግ እያነበብን ሌላ ወረቀት እንተረጉማለን ማለት ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይስማሙ ብታገኚያቸው አትደንግጪ። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የሚወጣ አዋጅ አማርኛና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ይታተማል፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 3 ሁለቱ ከተለያዩ አማርኛው የበላይ ነው ብሏል። እንግሊዝኛውን ብቻ አንብቦ የሚከራከርሽ ሰው ሲመጣ ይህን አሳዪው።

አሁን ከቤትሽ ደጅ ወጣ ብለሽ ወደ ምኒልክ ሐውልት ተመልከቺ። አጠገቡ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ቆሟል፤ በ2016 ዓ.ም. ነው የተከፈተው። እዚያ የሚገባ ሁሉ ጦርና ጋሻ አይቶ ይወጣል። አንቺ ግን በሙያሽ የምታዪው ሌላ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል በአማርኛና በጣሊያንኛ ነበር። አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት በኩል መላላክ ‹ይቻላቸዋል› ይላል። ሲፈልጉ ማለት ነው። ጣሊያንኛው ግን ንጉሡ በዚያ መንገድ ሊሄዱ ተስማምተዋል የሚል ሆነ፤ ሮማም ይህን ይዛ በኢጣሊያ በኩል ብቻ ነው እንጂ ሌላ መንገድ የላቸውም ብላ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1882 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ ለአውሮፓ መንግሥታት አሳወቀች። ልብ በይ፤ በሁለቱም ጽሑፍ ውስጥ ‹ብቻ› የሚል ቃል የለም። የተጨመረው በንባብ ነው። ምኒልክም ነገሩን ያወቁት ከአውሮፓ ነገሥታት የመጣላቸው መልስ በኢጣሊያ በኩል ላኩ የሚል ሲሆን ነው። በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፤ የቀረውን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ተራራ ጨረሰው።

ከዚያ ውል ውስጥ እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ አንቀጽ 17 አይደለም፤ 19 ነው። ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም የሚስማሙ ስለሆኑ ሁለቱም እኩል የጸኑ ናቸው ይላል። ተስማምተዋል ብሎ የፈረመ ሰው ሁለቱንም ጎን ለጎን አድርጎ ያነበበ አልነበረም፣ ወይም ያነበበው ዝም ብሏል። አንቺም ከትርጉምሽ ግርጌ ‹ከዋናው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጣለሁ› ብለሽ ትፈርሚያለሽ፤ ማኅተም ትመቻለሽ። ያቺን መስመር ከመፈረምሽ በፊት ዋናውንና ትርጉሙን ጎን ለጎን አስቀምጠሽ በጣትሽ እየተከተልሽ አንብቢ። ሥራ ሲበዛ የምትዘለል ደረጃ ናት፣ አውቃለሁ።

ወደ ተራው ወረቀት እንመለስ። ‹ኦንሊ ኢፍ› የሚባለውን ተጠንቀቂ። አንድ ጊዜ አከራይና ተከራይ ሌላ ቦታ የተተረጎመ ውል ይዘው መጡ። እንግሊዝኛው ውሉ የሚታደሰው ኪራዩ በወቅቱ ከተከፈለ ብቻ ነው የሚል ነበር፤ ግልጽ ነው። አማርኛው ግን ‹ኪራዩ ብቻ በወቅቱ ከተከፈለ ውሉ ይታደሳል› ይላል። ተከራዩ ብልጥ ነው፤ ኪራዩን አሳምሮ ከፍሏል፤ የውኃና የመብራት ግን ለወራት አልከፈለም። ‹ኪራዩ ብቻ ይበቃል ተብሎ ተጽፏል፣ አንብቡት› ይላል። አከራይዋ ‹እኔ እንዲህ አላልኩም› ትላለች። አላለችም፤ ወረቀቷ ግን ብሏል። ያው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1733 ላይ የውሉ ቃል ግልጽ በሆነ ጊዜ ዳኞች ከዚያ ወጥተው ተዋዋዮቹ ምን አስበው ይሆን እያሉ እንዳይተረጉሙ ይከለክላል። ‹ብቻ› ከ‹ከተከፈለ› በኋላ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ አይነሣም ነበር። ሁለት ቃል ወደ ኋላ፣ ሌላ ምንም አይደለም። በስተመጨረሻ ሽማግሌ አስታረቃቸው እንጂ ችሎት ቢቆሙ ወዴት እንደሚያጋድል ለመናገር ይቸግረኛል።

ኑዛዜ ሲመጣብሽ ደግሞ ይበልጥ ረጋ በይ። ‹ንብረቴን ሁሉ ለታናሽ ልጄ ብቻ› የሚል ታገኛለሽ፤ አንዳንዴ ከእንግሊዝኛ እንድትመልሺው፣ አንዳንዴም አጠገብሽ ቁጭ ብለው ‹ጻፊልኝ› ይሉሻል። ተናዛዡ በዚያች ‹ብቻ› ሌሎቹን ልጆች ያስወጣ ይመስለዋል። አያስወጣም። ልጅን ከውርስ መንቀል የሚቻለው በኑዛዜው ላይ የሚነቀልበት ምክንያት በግልጽ ሲጻፍ ነው፤ አንቀጽ 938 ነው። ሁሉን ለአንዱ መስጠት ብቻውን ሌሎቹን ተወላጆች እንደ መንቀል አይቆጠርም፤ ይህ ደግሞ 939 ላይ አለ። እንግዲህ አንቺ ጠበቃ አይደለሽም፤ ምክንያት ፈልገሽ አትጽፊላቸውም። ‹ይህ ቃል ያሰቡትን አይሠራም፣ ሕግ አዋቂ ያማክሩ› በያቸው፣ ይበቃል። አንድ ሁለቴ እንዲህ ብዬ ደንበኛ ጠፍቶብኛል፤ ልጆቻቸው ግን ከቀብር በኋላ እኔን ፍለጋ አልመጡም።

ቼክና ደረሰኝ ላይ ‹ብቻ› ሌላ ሥራ አላት። ‹ሁለት ሺህ ብር ብቻ› ስንል ገንዘቡ ትንሽ ነው ማለታችን አይደለም፤ ሁለት ሚሊዮንም ቢሆን ‹ብቻ› ይባላል፣ ሰው ሲያየው ይስቃል። ሥራዋ ከኋላ በር መዝጋት ነው፤ ሌላ እጅ ‹አምስት መቶ› ብሎ እንዳይቀጥልበት። ግን ልብ በይ፣ ከፊት በኩል አትጠብቅሽም። ‹ሁለት ሺህ› ብለሽ መስመሩን ከዳር ትንሽ ርቀሽ ከጀመርሽ አንዱ ‹ሃያ› ብሎ ያስቀድምበታል፤ ‹ብቻ› መጨረሻ ላይ ቁጭ ብላ ታየዋለች። አሃዙም እንደዚያው ነው፤ ከ2,000 ፊት 2 ለመጨመር ምን ያህል ቦታ ይፈልጋል? ስለዚህ ‹ብር› የሚለውን አስቀድመሽ ከሕዳጉ ጋር አጣብቀሽ ጀምሪ፤ ሳንቲሙን ‹ከ00/100› ብለሽ ዝጊ፤ የቀረውን ባዶ ቦታ በመስመር ሙዪው። በንግድ ሕጉ በፊደል የተጻፈውና በአሃዝ የተጻፈው ካልተስማሙ በፊደል የተጻፈው ነው የሚጸናው። ፊደሉን የምትጽፊው አንቺ ነሽ።

መድኃኒት ቤት ያለ ሰው መግለጫ ተርጉሚልኝ ቢልሽ እምቢ አትበይ፤ ዋጋውም ጥሩ ነው። ነገር ግን ለቆዳ የሚቀባ መድኃኒት ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ ‹ለውጭ ብቻ› ብሎ የተረጎመ አይቻለሁ። አንዲት ባልቴት ‹ለውጭ አገር ሰው ነው እንዴ?› አሉ። አንቺ ትስቂያለሽ፤ እሳቸው ግን የተጻፈውን ነው ያነበቡት። ‹ብቻ› የሚፈቀደውን ይነግርሽና የሚከለከለውን አንቺው ገምቺው ይልሻል። ሰው ሊጎዳ በሚችልበት ቦታ አታስገምቺ። ‹በቆዳ ላይ የሚቀባ። አይጠጣም።› በቃ። እንግሊዝኛው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር ብሎ የሚከስሽ የለም።

በር ላይ የሚለጠፉትንም ትተረጉሚያለሽ፤ ‹ለሠራተኞች ብቻ›፣ ‹ለደንበኞች ብቻ›፣ ‹ለሴቶች ብቻ›። ‹ለ›ዋን አትርሺ። ‹ሠራተኞች ብቻ› የሚል ሳይ ዓረፍተ ነገሩ አልቆ እንደሆነ እጠራጠራለሁ። ቤት የሚያከራዩ ሰዎች ‹ለላጤ ብቻ› ያስጽፉሻል፤ ‹ወንድ ነው ሴት?› ብለሽ ጠይቂ፣ አለዚያ ቀኑን ሙሉ በር ሲንኳኳባቸው ይውላል። የአንዳንዱ ማስታወቂያ ግን ሆድ ይበላል፤ ‹ለውጭ ዜጎች ብቻ› የሚል ቤት አሁንም አልጠፋም። ይህ ሠፈር ያንን ያውቀዋል። ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማውን ከያዘ በኋላ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን የአራዳ ገበያ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ ‹መርካቶ ኢንዲጄኖ› አለው፣ የአገሬው ሰው ገበያ። ይህኛውን ወገን ለራሱ አስቀረ፤ ፒያሳ የሚለውን ስምም ያገኘነው ከእነሱ ነው። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያንና ሐበሻ እንደ ባልና ሚስት አብረው እንዳይኖሩ ሕግ አወጡ። የምኒልክን ሐውልት ሳይቀር ነቅለው ቀበሩት፤ ነፃነት ሲመለስ ነው ተመልሶ የቆመው። አባቴ ስለዚያ ዘመን የሚያወራው የሕጉን ጽሑፍ ነገር አልነበረም፤ የትኛው መንገድ ላይ ሲሄድ ዓይን እንደሚከተለው ነበር። የተከፈለሽበትን ተርጉሚ፤ እንዲህ ያለውን ግን ‹ሌላ ቦታ ያስተርጉሙት› ብትዪ እኔ አልቆጣሽም።

አሁን ደግሞ ‹ኦንሊ› ስታዪ ጨርሶ ‹ብቻ› ማለት የሌለብሽ ቦታ አለ። ወጣት ተርጓሚዎች የሚያወጡትን ጽሑፍ ሳነብ የሚያሳክከኝ እዚህ ላይ ነው። ‹ልጅ ብቻ ናት› ይላሉ። ማን ነው እንዲህ የሚናገረው? ‹ልጅ እኮ ናት› ወይም ‹ገና ልጅ ናት› ነው። ‹ትናንት ብቻ መጣ› አይባልም፤ ‹ገና ትናንት መምጣቱ ነው›። ‹ብቻ ጠየቅሁ› ሳይሆን ‹መጠየቄ ነው እንጂ ሌላ ክፋት የለኝም›። ለቤተሰቡ አንድ የሆነን ልጅ ‹ብቸኛ ልጅ› ብትዪው ነውር የለውም፤ ግን ሰው አጥቶ የከረመም ‹ብቸኛ› ይባላል፣ ቃሉ ሐዘን አለበት። ‹ለእናቱ አንድ ነው› በይ፤ አገሩ ሁሉ ይገባዋል። ለንግድ ወረቀት ሲሆን ግን ‹ብቸኛ ወኪል› ጥሩ ነው፤ የተለመደ ነው፣ አትቀይሪው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው በልብ ወለድና በምስክርነት ቃል ውስጥ የሚመጣው ነው። ሰውየው ወደ ቤቱ ሮጠ፣ ከዚያ ‹ኦንሊ›፣ ከዚያ በሩ ተቆልፎ አገኘው የሚል። አንዱ ‹በሩን ተቆልፎ ለማግኘት ብቻ ወደ ቤቱ ሮጠ› ብሎ ተርጉሞ አይቻለሁ። ለማግኘት ፈልጎ ነው እንዴ የሮጠው? አማርኛ ለዚህ የራሱ መንገድ አለው፤ ‹ቤቱ ሮጦ ቢደርስ በሩ ተቆልፎ ጠበቀው›። ያቺ ‹ቢ› ሙሉውን ሥራ ሠራች፤ ሳይታሰብ መሆኑንም ነገረችሽ። የስደት ጉዳይ የያዘ ሰው ታሪኩን ሲያስተረጉም ይህ ይበዛል፤ ዓላማና አጋጣሚ ከተምታቱ ሰሚው ዘንድ ሰውየው ውሸታም ይመስላል። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛም ስትመልሺ ያው ነው፤ ‹ቢደርስ›ን ‹ከደረሰ› ብለሽ እንዳታልፊው።

የእኛም ‹ብቻ› ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ስትሄድ ‹ኦንሊ› የማትሆንበት ቦታ አላት። እናቶች ደብዳቤ መጨረሻ ላይ ‹ብቻ እግዚአብሔር ይጠብቅህ› ይላሉ። ‹ብቻ ተወው› ይላል አንዱ ነገር ሲመረው። የፒያሳ ልጅ ስለ ትናንት ማታ ብዙ አውርቶ አውርቶ ‹ብቻ…› ብሎ ሲያቆም የቀረውን አልነግርህም ማለቱ ነው። እነዚህ ምንም አይገድቡም። ‹ያም ሆነ ይህ› የሚል ነገር ነው፤ አንዳንዴም ምንም ሳይተረጎም ቢታለፍ ይሻላል። ሌላ ደግሞ ‹ብቻ› ሳይኖር ብቻነት ያለበት አነጋገር አለን። ምስክር ‹ቁልፉን የያዘው እሱ ነው› ካለ ‹እሱ ቁልፉን ይዟል› ከማለት ይለያል፤ ሌላ ሰው እንዳልያዘ እየነገረሽ ነው። ‹ከእሱ በቀር ማንም አልገባም› የሚለውም ከ‹እሱ ብቻ ገባ› ይጠነክራል፤ ፖሊስ ጣቢያ የተሰጠ ቃል ስትተረጉሚ ይህን ኃይል አትቀንሺበት። አለመቀነሱን ለማየት ጮክ ብለሽ አንብቢው። አጠገብሽ ሰው ቢኖርም አትፈሪ፣ ፒያሳ ነው፣ ማን ይሰማሻል።

በመጨረሻ የግል ደብዳቤ አለ። ባሎች ለሚስቶች፣ ልጆች ለማያውቋቸው አባቶች የጻፉት። ገንዘብ የለውም፤ ግን ይመጣል፣ በተለይ በበዓል ሰሞን። እዚያ ውስጥ ‹ኢፍ ኦንሊ› ታገኛለሽ። ለእሱ መዝገበ ቃላት አትክፈቺ። ‹ምነው በኖርክ›፣ ‹ምነው ያን ቀን ባልሄድኩ› በይ፤ አንባቢዋ እናት ከሆነች ‹ምነው›ን ስታይ ቁጭ ትላለች። ስታነቢላቸው ሌላ ደንበኛ በር ላይ ቢቆምም አትጣደፊ። ለደብዳቤ የምታስከፍዪው ከውክልናው ያነሰ ይሁን፤ እኔ ግማሹን ነበር የምቀበለው፣ የማንበቡን ደግሞ ምንም።